ለእናትና ለነፍስ አባት ብቻ

ሞጣ፣ ነሐሴ 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ አስናቀች፣ ቢቸና

እንደምን ሰንብተዋል እትዬ? ልጆች፣ ትምህርት ቤቱ፣ ያ የወገብ ሕመምዎስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደርሰናል። ከደረስን እንኳ ወር ሊሞላን ነው፤ እስከ ዛሬ ዝም ማለቴን ይቅር ይበሉኝ። ስልኬ እዚህ ከገባሁ ጀምሮ ከባትሪነት በቀር ሌላ ሥራ የለውም። ሰዉ ሁሉ «ለፋንታ ስጪው» ሲለኝ ፋንታ የፖስታ ቤት ሰው መስሎኝ ነበር፤ ለካ የእህል ነጋዴ ኖሯል። ጤፍ ጭኖ በቢቸና በኩል ስለሚያልፍ «ለመምህርቷ እኔው አደርስልሻለሁ» ብሎኛል።

«የወንድሜ አገር ተስማማሽ ወይ?» ብለው በፋንታ ለላኩብኝ፣ ሽንገላ አላውቅም፤ አልተስማማኝም። ወንድምዎ ስጦታው ወደ ጠረፍ ሲመደብ የሐረሩን የካምፕ ቤት ለተተኪዎቹ ልቀቁ ሲሉን፣ «እናቴ ጋ ሂጂ፣ መሬት አለን፣ አየሩ ጥሩ ነው» ያለኝን አምኜ ነው የመጣሁት። መሬቱ አለ። ጭቃ ሆኖ ጫማዬን ሁለት ጊዜ ወስዶብኛል። ውሃ ከምንጭ ነው፤ ቁንጫው ደግሞ ለአዲስ ሰው ፍቅሩ አያልቅም። ከሐረር ድረስ ጭነን ያመጣነው ቁም ሳጥን በጎጆው በር አልገባ ብሎ ደጅ ቀርቷል። ላስቲክ አልብሰነው ነበር፤ አሁን ዶሮዎቹ ወርሰውታል። እናታችንም «ስጦታው ሲመጣ በሩን አስፍቶ ያስገባዋል፤ እስከዚያ ዶሮ ይደርበት» ብለው ፈርደዋል።

እኔ የወታደር ልጅ ነኝ፣ እትዬ። አባቴ አስር አለቃ ነበር። የተወለድኩት ካምፕ፣ ያደግኩት ካምፕ፣ የተዳርኩት ካምፕ ነው። ጠዋት በፊሽካ ተነስቶ ማታ በፊሽካ ለሚተኛ ሰው ይህ ዝምታ ይከብዳል። ልጃችን ማርያማዊትማ ከመጣች ጀምሮ አጥር ሥር ቆማ ባንዲራው የሚሰቀለው የት እንደሆነ ትጠይቀኛለች። የስጦታውን የደንብ ልብስ ፎቶ ግድግዳ ላይ ልሰቅል ስል ደግሞ ጎረቤታችን ይርጋነሽ «አንሺው፣ ጊዜው ጥሩ አይደለም፤ ባልሽንም ሹፌር ነው በይ» አለችኝ። ፎቶውን በፊቱ ደፍቼ የዱቄት ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። እንዲህ ሆኖ መኖር ያስጠላል።

ከእናታችን ጋር እንዴት ነን? በፍልሰታ የሆነውን ልንገርዎና ይፍረዱ። ለጠበል ሄጄ የነፍስ አባታችን አባ አካለ ወልድ ስመ ክርስትናዬን ቢጠይቁኝ፣ እኔ በለመድኩት በካምፕ ድምፅ «ወለተ ገብርኤል!» አልኩ። ሴቶቹ በሙሉ ዞሩ። እናታችን በነጠላዬ ጫፍ ጎትተው፣ «ኧረ በስመአብ! ስመ ክርስትናን እንደ ገበያ ዋጋ ይጮኹታል? ለእናትና ለነፍስ አባት ብቻ ነው እንጂ! ጠላት የሰማው እንደሆን ያስደግምበታል!» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለጎረቤት ሲያስተዋውቁኝ «የካምፗ» ነው የሚሉኝ። ሆዴ መግፋቱን ግን ያያሉ፤ ከባድ ነገር ላነሳ ስል ሳይናገሩ ይቀሙኛል።

ስጦታው ለእርስዎ ሲደውል እባክዎ አንድም ቃል ሳይጥሉ ይጻፉልኝ።

ትርሲት

---

ቢቸና፣ መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለትርሲት

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገረሽ፣ እኅቴ። እንኳን ለብርሃነ መስቀሉም አደረሰሽ። ደብዳቤሽን ፋንታ እጄ ላይ አኑሮልኛል፤ ስለ ቁም ሳጥኑ ያልሽውን ለመምህራን ጓደኞቼ ባነብላቸው ሻያቸው ቀዘቀዘ።

ስጦታው በመስቀል ማግሥት ደውሎልኛል። እዚህ ቢቸና ስልኩ አልፎ አልፎ ይሠራልና ለእናንተ ያሰበውን ሁሉ ለእኔ ነው የሚነግረኝ። አንድም ቃል አትጣይ ስላልሽኝ እንዳለው ልጻፍ፦ «ለአስር አለቃ ሰላምታዬን አድርሺ። ጥበቃ ላይ እንዳትተኛ በያት። ዶሮዎቹን ከቁም ሳጥኑ አታስወጣቸው፣ ኪራይ ትቀበላቸው» ብሎ ሳቀ። እኔ ሞኟ «የትኛው አስር አለቃ?» ብለው የባሰ ሳቀ። ለካ የአባትሽን ማዕረግ አውርሶሻል። ለሕፃኑ ክርስትና ለመድረስ ፈቃድ ጠይቄአለሁ ብሎኛል። ወንድ ከሆነ አርባ ቀን፣ ሴት ከሆነች ሰማንያ ቀን መሆኑን አስታውሼዋለሁ፤ «ሴት ትሁን፣ ጊዜ አገኛለሁ» ብሏል።

እናቴን አትቀየሚያት። ያረገዘች ሴት ፊት መሳቅ ቡዳ ይጠራል ብላ የምታምን ሰው ናት፤ ጭፍግ ማለቷን ከፍቅር ቁጠሪው። በስመ ክርስትናው ነገር ግን እኔም ከእሷ ጋር ነኝ። በእኛ አገር እንደ ቀላል አይወሰድም። የስጦታውን እንኳ እኔ ታላቅ እኅቱ የሰማሁት አንዴ ነው፤ በልጅነቱ ታሞ ጠበል ስንወስደው እናቴ ለካህኑ በጆሮው ስትነግረው ከኋላዋ ቆሜ ነበር። ይህንን እስከ ዛሬ አታውቅም። አንቺም ሚስቱ ነኝ ብለሽ እንዳትጠይቂያት፤ አትነግርሽም፤ ነገሩም መቀያየም ያመጣል።

«እንግዳ ሆኖ የሚቀር የለም» ይላሉ የእኛ ሰዎች። ትለምጅዋለሽ።

አስናቀች

---

ሞጣ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ አስናቀች

እንደምን ከረሙ? ስለ ስሙ የሰጡኝን ምክር ተቀብያለሁ፤ እናታችንን አልጠይቅም።

«ኩበት መጠፍጠፍ ቻልሽ ወይ?» ብለው ለላኩብኝ፣ አዎ፣ ችያለሁ። ማን ነው የነገረዎት? ፋንታ ነው አይደል፣ ወሬኛ! የመጀመሪያዎቹን ዝናብ በላቸው፤ ሁለተኛዎቹን እናታችን አይተው «ለካምፕ ልጅ ደህና ነው» አሉ። ማርያማዊት ደግሞ በጎችን አሰልፋ «ተጠንቀቅ!» ስትላቸው አንዱ ወጠጤ ፍየል ከመካከል ወጥቶ በቂጧ አስቀመጣት። እናታችን ሳቁ። ከመጣሁ ሲስቁ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። በሁለቱ የፊት ጥርሶቻቸው መሃል ክፍተት አለ፤ ልክ እንደ ስጦታው። አላውቅም ነበር፤ ወደ ጓሮ ዞሬ አለቀስኩ።

እግራቸው ግን እንዳበጠ ነው። ቁልቁለቱን ወርደው ሚካኤልን ከተሳለሙ ወራት ሆነ፤ የሚያሳዝናቸውም ከሕመሙ ይልቅ ይኸው ነው። እሑድ እሑድ በሩ ላይ ቁጭ ብለው ደወሉን ያዳምጣሉ።

«ፍርሃት አለብሽ ወይ?» ላሉኝ፣ አንዳንድ ቀን ከወንዙ ማዶ ተኩስ ይሰማል። እናታችን «ምንድነው ልጄ?» ሲሉኝ «ሰርግ ነው» እላቸዋለሁ። ምን ዓይነት መሣሪያ እንደሆነ በጆሮዬ ስለማውቀው ሰርግ አለመሆኑንም አውቃለሁ። ያም ሆኖ አንድ ነገር ልንገርዎት፣ እንዳይስቁብኝ። በካምፕ ሳለን መርዶ የሚመጣው በእግር ነበር። አንድ መኮንን፣ አንድ ቄስ፣ አንዲት የሴቶች ተወካይ ሆነው በመስመሩ መሃል ሲመጡ ሁላችንም በየበራችን ወጥተን እንቆማለን። የማን በር ላይ እንደሚቆሙ ብቻ እናያለን። ካለፉን በኋላ ደስታችን ያሳፍረን ነበር። እዚህ እንደዚያ ያለ ነገር የለም። ክፉ ወሬ የዚህን ቤት መንገድ አያውቀውም። ጭቃውን የወደድኩለት በዚህ ብቻ ነው።

ትርሲት

---

ቢቸና፣ ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለትርሲት

መልስ ስላዘገየሁብሽ ይቅርታ አድርጊልኝ። የተማሪ ፈተና ይዞኝ ነው። ጽሕፈቴም ካልተነበበልሽ አትፍረጂብኝ፤ ሰሞኑን ዓይኔን ያመኛል።

ቢቸና መጥቼ ድምፁን በስልክ ልስማ ብለሽ በፋንታ የላክሽብኝን ነገር ተይው። በዚህ ሆድ በዚያ መንገድ ላይ አንቺን የሚጭን መኪና የለም፤ ቢኖርም እኔ አልፈቅድም። ስልኩም ቢሆን መቼ እንደሚሠራ አይታወቅ፣ መጥተሽ ሳታገኚው ብትመለሺ ኀዘን ነው የሚተርፍሽ።

ስጦታው ደውሎ ነበር። ደህና ነው። ሥራ በዝቶበታል። «ለውድ ባለቤቴ ለትርሲት፣ ለልጄ ለማርያማዊት፣ ለእናቴም የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳቸው። ስለ እኔ አታስቡ» ብሏል። ድምፁ እንዴት ነው ላልሽኝ፣ ርቀት ስለሆነ በደንብ አይሰማም። ፈቃዱም ለጊዜው የተሳካለት አይመስለኝም፤ ብዙ አትጠብቂው።

አንቺ አሁን ያለሽ ሥራ አንድ ነው፦ በሰላም መገላገል። ብዪ፣ ጠጪ፣ ጋደም በዪ። እናቴንም ከቤት እንዳትወጣ አድርጊያት፤ ደሟ ከፍ ያለ ነው፣ ድንጋጤ አይሆንላትም።

ያንቺው
አስናቀች

---

ሞጣ፣ ኅዳር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ አስናቀች

ዓይንዎን ተሻለዎት? ጠበል ይርጩት። እናታችን የጤና አዳም ቅጠል ልከዋል፤ ፋንታ ለመኪናው ሽታ ካላደረገው ይደርስዎታል።

አንድ ነገር ግን ይንገሩኝ። «ውድ ባለቤቴ»? ስጦታው? በራዲዮ ነው እንዴ የደወለው! ስምንት ዓመት አብሬው ኖሬ አንድ ቀን «ውድ» ብሎኝ አያውቅም። አጠገቡ አለቃው ቆሞ ነበር? ወይስ እርስዎ ነዎት የመምህርነት ነገር ሆኖብዎት ያቃኑት? አላቃናሁትም በሉኝና ልናደድበት፤ ወይም አቅንቼዋለሁ በሉኝና ልሳቅ። «አስር አለቃ» አላለም? ስለ ቁም ሳጥኑስ አልጠየቀም? እሱ እኮ ነገር አይረሳም፤ ዶሮዎቹ ጫጩት ፈልፍለዋል ብለው ይንገሩት፣ ኪራዩ ተጨምሯል።

ሆዴ ወርዷል። ይርጋነሽ ወንድ ነው ትላለች። ሌሊት ሌሊት ይራገጣል፤ ተረኛ ጥበቃ ይመስላል።

አዝመራው ገብቷል። እኩል አራሻችን ውበቴ ድርሻችንን በእምነት አስገብቶልናል። ከአንድ ነገር በቀር ምንም አልጎደለንም።

እባክዎ ቶሎ ይመልሱልኝ።

ትርሲት

---

ቢቸና፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለትርሲት

ልክ ነሽ፣ እኔ ነኝ ያቃናሁት። የመምህር እጅ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ይቅር በይኝ።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ደውሎ ነበር። «አስር አለቃ እንዴት ናት? አስር አለቃዬ በርቺ፣ አስር አለቃዬ አይዞሽ» ብሏል። ስለ ዶሮዎቹም ነግሬው ስቋል። በጣም ስቋል።

የሕፃን መታቀፊያ ከጋቢ ቀድጄ ሰፍቼልሻለሁ፤ ከደብዳቤው ጋር ይደርስሻል። እባክሽ ቁልቁለቱን እንዳትወርጂ። ቤተ ክርስቲያን ሄደሽ እግር ቢያዳልጥሽ ማን ያነሳሻል? የቤትሽን ጸሎት እግዚአብሔር ይሰማዋል። ለእናንተ የሚጸልይ አይጠፋም፤ እኔ አስቤበታለሁ።

አስናቀች

---

ሞጣ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ አስናቀች

መታቀፊያው ደርሶኛል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስፌቱ ያምራል።

እኛ ደህና ነን። እናታችን ትናንት ውበቴን አስጠርተው የጎጆውን በር በመጥረቢያ አስፈልጠው አሰፉት። ቁም ሳጥኑ ቤት ገብቷል። ዶሮዎቹ ወደ ቆጣቸው ተመልሰዋል።

እናታችን ከአልጋቸው ወርደው መሬት ላይ መተኛት ጀምረዋል። ለእግሬ ይሻለኛል ብለዋል። እኔም ቅቤው ስለሚያቅለሸልሸኝ ፀጉሬን መቀባት ትቻለሁ።

ወገብዎን ይጠንቀቁ።

ትርሲት

---

ቢቸና፣ ታኅሣሥ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለትርሲት

እንኳን ለጌታችን ልደት አደረሰሽ። የትናንቱ በዓል እዚህ ጭር ያለ ነበር።

ያለፈው ደብዳቤሽ አጠረብኝ። ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ስለ ወንድሜ አንድም ነገር ሳትጠይቂ ስትጽፊልኝ የመጀመሪያሽ ነው። ተቀይመሽኛል? ወይስ ድካሙ ነው? እናቴ ምን ሆና ነው መሬት የምትተኛው? በብርድ ጊዜ? በሩንስ ማን አስፈልጡ አላት? «ስጦታው ሲመጣ» ትል አልነበረም?

ትርሲት፣ ለክርስትናው እመጣለሁ። በእግሬም ቢሆን እመጣለሁ። ያን ጊዜ ተቀምጠን የምናወራው ብዙ ነገር አለ። እስከዚያ ከሰው ምንም ነገር ብትሰሚ አትቀበዪ፤ ከእኔ ብቻ ስሚ። ይህን ለምን እንደምጽፍልሽ እኔም አላውቅ። ፈርቼ ነው።

አስናቀች

---

ሞጣ፣ ጥር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ አስናቀች

እንኳን ደስ አለዎት። ጥር 17 ቀን ወንድ ልጅ ተገላግያለሁ። ሞጣ ሐኪም ቤት አንድ ቀን አድሬ በሰላም ተመልሻለሁ። ልጁ ጤነኛ ነው፤ ክፍተቱን ለማየት ጥርስ እስኪያበቅል እንጠብቃለን። ከአሁን በኋላ ለእኔ መደበቅ የለብዎትም፣ እትዬ። ወልጃለሁ። አልሞትኩም። ስጦታው ከዚህ ዓለም እንደሌለ አውቃለሁ።

እንዴት እንዳወቅኩ ልጻፍልዎት። «ውድ ባለቤቴ» ካሉኝ ቀን ጀምሮ ጠርጥሬ ነበር። «አስር አለቃ»ን በአንድ ትንፋሽ ሦስት ጊዜ ሲጽፉልኝ ደግሞ ባሰብኝ፤ እሱ አንዴ ነው የሚለው። የዚያን ሰሞን ለእሱ ጧፍ ላብራለት ብዬ ተነሳሁ። አትውረጂ ማለትዎን አልረሳሁም። እናታችን በሩ ላይ ተቀምጠው ደወል ሲሰሙ ሳይ አንጀቴ ስላልቻለ፣ የይርጋነሽን በቅሎ ለምኜ፣ በሚካኤል ማግሥት እሑድ እሳቸው በበቅሎ፣ እኔ በእግር፣ ቀስ ብለን ወረድን። የካምፗ ምራታቸው ከወራት በኋላ ሚካኤልን አሳለመቻቸው ብሎ ሰዉ ሲመርቀኝ እናታችን ኮርተውብኝ ነበር።

አባ አካለ ወልድ ለሙታን ሲጸልዩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። እርስዎ እንደዚያ እንዲያደርጉ ልከውባቸዋል፤ አሁን ገብቶኛል። ቅዳሴው ውስጥ ስሙ እንዲነሳ የአርባውን ፍትሐት ለእሳቸው አደራ ሰጡ። ሰው እንዳያውቅ ብለው «ስጦታው» አላሉም። እናታችን ከቤት አይወጡም፤ እኔ ደግሞ ስመ ክርስትናውን አላውቅም ብለው ነው። ሐሳብዎ ደግ ነበር። ተሳሳቱ እንጂ።

«አዕርፍ ነፍሰ ገብርከ ዐምደ ሚካኤል» አሉ።

እትዬ፣ እኔ ይህን ስም ከተጋባን ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሲመክሩኝ እሺ ያልኩት እንዳልነግር ስላስማለኝ ነው። በካምፕ ለግዳጅ የሚወጣ ሁሉ ለሚስቱ ስመ ክርስትናውን ነግሯት ይወጣል። አባቴም ለእናቴ ነግሯታል። ቄሱ መጥቶ «ማን ብዬ ልጸልይለት?» ሲል መልስ የምታጣ ሴት እንዳትኖር ነው። እናንተ ለእናትና ለነፍስ አባት ብቻ ትላላችሁ፤ እኛ ለሚስት እንጨምራለን፣ እናቱም ቄሱም ሩቅ ስለሆኑ።

ሌላ ዐምደ ሚካኤል ይኖር ይሆናል ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ። ወደ እናታችን ዞር አልኩ። አላለቀሱም። ወደ እኔም አላዩም። በእጃቸው የያዙት ጧፍ ግን ሁለት ቦታ ተሰብሮ በክሩ ተንጠልጥሎ ነበር። ያን ጊዜ ሁለታችንም አንድ ሰው እንደሞተብን አወቅኩ። እሳቸው ግን እኔ ማወቄን አላወቁም። ላሳውቃቸው አልቻልኩም። ደማቸው ከፍ ያለ ነው ብለውኛል እርስዎ፤ እሳቸው ደግሞ ስለ ሆዴ ዝም አሉ።

ስንመለስ በቅሎዋን አልቀመጥም አሉ። በዚያ እግራቸው ዳገቱን እጄን ይዘው ወጡ። ከመጣሁ ጀምሮ እጄን ይዘውኝ አያውቁም። በቅሎዋ ባዶዋን ከኋላችን ትመጣለች። አንድ ጊዜ ብቻ ቆመው፣ «ደከመሽ?» አሉኝ። «አልደከመኝም፣ እማማ» አልኳቸው። በማግሥቱ በሩን አስፈለጡ። የሚያሰፋው እንደማይመጣ ያን ጊዜ ለውበቴ መንገራቸው ነበር፤ አፋቸው ግን «ዝናብ እንዳያበላሸው» ነው ያለው፣ በታኅሣሥ! እሳቸው በእግራቸው አሳብበው መሬት ተኙ። እኔ በቅቤው አሳብቤ ፀጉሬን ሳልቀባ ተውኩ። ልጅቷን መሃል አድርገን እንዲህ ከረምን። ሊፈነዳ የደረሰ ልቅሶ ይዞ እንጀራ መብላት እንዴት ያለ ነገር ነው!

አሁን መጨረሻውን ልንገርዎት። ከሐኪም ቤት በገባሁ ማግሥት የመንደሩ ሴቶች ሊጠይቁኝ መጡ። ጠባቧን ጎጆ ሞሏት፤ ቁም ሳጥኑን የተደገፈችም አለች። ይርጋነሽ ልጁን አንስታ ለእናታችን አቀፈቻቸውና፣ «በሉ እማማ ሀብትነሽ፣ ማን እንበለው?» አለች። እናታችን መታቀፊያውን ገልጠው አዩት።

«ዐምደ ሚካኤል» አሉ።

በሹክሹክታ አይደለም፣ እትዬ። ጮክ ብለው ነው፤ እኔ በጠበሉ ቀን ከጮህኩት በላይ። ልጃቸው ከተወለደ ጀምሮ ከጠላት ጆሮ የሸሸጉትን ስም በሃያ ሴት ፊት። እኔ ሳላስበው «እማማ! ስሙን!» አልኩ። ያን ጊዜ ዞረው አዩኝ። እንደማውቅ አወቁ። እኔም ማወቃቸውን እንዳወቅኩ አወቁ።

«ከእንግዲህ ማን እንዳይጎዳው ብዬ እደብቀዋለሁ፣ ልጄ?» አሉኝ፤ እንባቸውም ወረደ።

ሴቶቹ የደስታ መስሏቸው እልል አሉ። ለወንድ ልጅ ሰባት ጊዜ ነው። እናታችን በእልልታው ውስጥ ልጃቸውን አለቀሱ፤ እኔም ባሌን። ሰባት ጊዜ እልል እስኪሉ ድረስ ብቻ ነው ያገኘነው ጊዜ፤ ከዚያ በኋላ ዓይናችንን ጠርገን ገንፎ በላን።

ይህ አይበቃንም። ሽማግሌ አይላኩ፣ መርዶ ነጋሪም አይላኩ። እርስዎ ይምጡ።

ፎቶውን ከዱቄቱ አውጥቼዋለሁ። ይርጋነሽ አይታው ብዙ ቆየች፤ ከዚያ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች እንጂ አንሺው አላለችኝም።

ትርሲት

---

ቢቸና፣ የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለትርሲት

ደብዳቤሽን ፋንታ ክፍል ውስጥ ሳስተምር ነው ያቀበለኝ። ተማሪዎቹን አሰናበትሁ።

ጓደኛው ቢቸና ድረስ መጥቶ መሞቱን የነገረኝ በኅዳር መጀመሪያ ነው። እዚያው ጠረፍ ላይ ቀብረውታል። ከገበያ ገበያ ወሬ ይሄዳልና እናንተ ዘንድ እንዳይደርስ ብዬ ለጎረቤት እንኳ አልተናገርሁም። ጥቁር አልለበስሁም። ጠመኔ ይዤ ሰሌዳ ፊት ስቆም ነበር የማለቅሰው፤ ልጆቹ ጀርባዬን ነው የሚያዩት። ዓይኔን የሚያመኝ ያ ነበር። ከሁሉ የከበደኝ ግን በሞተ ወንድሜ አፍ መናገሩ ነው። «ስቋል» ብዬ ስጽፍልሽ ብዕሩን ሁለት ጊዜ አስቀምጬ አንስቼዋለሁ። በጣም ስቋል ብዬ የደገምሁት ለራሴ ነው።

ይቅርታ አልጠይቅሽም፤ ዛሬም ቢሆን እርጉዝ መርዶ አይነገራትም እላለሁ። እኔ ከአንቺ ስሸሽግ አንቺ ከእናቴ፣ እናቴ ደግሞ ከአንቺ ስትሸሽጉ መክረማችሁን ባውቅ ኖሮ ግን ብቻዬን አልከርምም ነበር።

ቅዳሜ ከፋንታ ጋር እመጣለሁ። መኪናው እስከሚደርስበት ድረስ፣ ከዚያ በእግሬ። አንድ ነገር ብቻ አድርጊልኝ። ዳገቱ ጫፍ ላይ ስታይኝ ማርያማዊት ወንድሟን በስሙ ትጥራው፤ በዚያ በካምፕ ድምፃችሁ፣ ጮክ ብላ። እኔ ይህን ስም ከእናቴ ጀርባ ተደብቄ ከሰማሁ ጀምሮ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ስሰማ ስሙን ጠርቼ እመልስላታለሁ፤ ያን ጊዜ መንደሩ ለልቅሶ ይሰብሰብ።

አስናቀች